ድንጋዩ የት ነው? ዋሱስ ማን ነው?

በ2025 ኦክቶበር የጋዛው ተኩስ አቁም በተፈረመ ሳምንት፣ ከእህቴና ከልጆቿ ጋር ቅጠል ለማየት እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያለው ካቶክቲን ተራራ ወጥተን ነበር። ከሲልቨር ስፕሪንግ ቢነዳ አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። ቅጠሉ ገና በደንብ አልቀላም። መንገዱ እየተጠማዘዘ ጫካው ውስጥ ይገባል። አንድ ቦታ ላይ ወደ ጎን የሚገነጠል አስፋልት አለ፤ ማለፍ ክልክል ነው የሚል ምልክት ቆሞበታል። የፓርኩ ካርታ ላይ ደግሞ እዚያ ጋ ምንም የለም፣ ጫካ ብቻ። የእህቴ ትልቁ ልጅ «እዛ ምንድን ነው ያለው?» አለኝ። ካምፕ ዴቪድ ነው፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ማረፊያ፣ አረቦችና አይሁዶች የታረቁበት ቦታ ነው አልኩት።

ልጁ 14 ዓመቱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስልኩ ላይ ሲያይ የከረመው የኦክቶበር 7ን እልቂትና የጋዛን ፍርስራሽ ነው። «እነሱ ታርቀው ያውቃሉ እንዴ?» አለኝ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ።

አዎ፣ ታርቀው ያውቃሉ። እርቁም እስከ ዛሬ ቆሟል። ግን ያንኑ ቀን፣ እዚያው ጫካ ውስጥ፣ ሌላም እርቅ ተጽፎ ነበር፤ እሱ አልቆመም። መኪና ውስጥ ይሄን ለልጅ አስረድቶ መጨረስ አልቻልኩም። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ግን የአያቴን ነገር ላንሳ። አያቴ መንዝ ውስጥ የታወቁ ሽማግሌ ነበሩ። ልጅ ሆኜ ክረምት ስሄድ ያየሁት አንድ ነገር አለ። ሁለት ወንድማማቾች በአንዲት ቀጭን መሬት ተጣልተው፣ አንዱ የሌላውን በሬ እስከ መምታት ደርሰው ነበር። ስንት ቀን ሽማግሌ ሲመላለስ ከርሞ ታረቁ ተባለ። ተሳሳሙ። ጠላ ተቀዳ፣ ዳቦ ተቆረሰ። አያቴ ግን አልቀምስም አሉ። «ድንጋዩ የት ነው?» አሉ። ሰው ሁሉ ነገ ይተከላል፣ ዛሬ የደስታ ቀን ነው አላቸው። እምቢ አሉ። በዝናብ ተነስተን ማሳው ድረስ ሄድን። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚታችን ነበር። ወንድማማቾቹ ራሳቸው ድንጋዩን ተሸክመው፣ ራሳቸው ቆፍረው ተከሉት። ከዚያ አያቴ «ዋስ ጥሩ» አሉ። ሁለቱም ዋስ ጠሩ። አያቴ ዳቦውን የበሉት ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ አገር መጥቼ ስለ ካምፕ ዴቪድ ማንበብ ስጀምር በአእምሮዬ ይመላለስ የነበረው ይሄ ነው።

እንግዲህ ነገሩ ከ1973 ይጀምር። በእርግጥ ከዚያ በፊት 1948 አለ፤ እስራኤል የቆመችበትና ወደ 700 ሺህ የሚጠጉ ፍልስጤማውያን ከቀያቸው የተፈናቀሉበት ዓመት። 1967 አለ፤ እስራኤል በስድስት ቀን ሲናን፣ ጋዛን፣ ዌስት ባንክን፣ ምሥራቅ ኢየሩሳሌምንና ጎላንን የያዘችበት። በ1973 ኦክቶበር 6 ግብጾች ስዊዝ ካናልን ተሻገሩ። እስራኤሎች የሠሩትን የአሸዋ ግድግዳ በውሃ ፓምፕ እያጠቡ ናዱት። ያ ጦርነት በመጨረሻ ወደ እስራኤል አዘነበለ፣ ግን ሁለቱም ወገን ብዙ ሬሳ ቀበረ። ከእስራኤል ብቻ ከ2,600 በላይ ወታደር ሞተ። የግብጹ ፕሬዚዳንት የሳዳት ታናሽ ወንድም አቴፍ፣ አብራሪ ነበር፣ በጦርነቱ የመጀመሪያ ሰዓታት ነው የሞተው። የእኛም መንግሥት ከእስራኤል ጋር የነበረውን ግንኙነት ያቋረጠው በዚያው ወር ነው፤ እስኪታደስ 1989 ድረስ ቆየ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1977 ኖቬምበር 9፣ ሳዳት ለፓርላማው ንግግር ሲያደርግ ለሰላም ስል እስከ ዓለም ዳርቻ እሄዳለሁ፣ እነሱ ቤት፣ የእስራኤል ፓርላማ ክኔሴት ድረስም ቢሆን አለ። የፍልስጤማውያኑ መሪ አራፋት አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ብዙ ሰው የንግግር ማድመቂያ መስሎት አጨበጨበ። በአስር ቀኑ፣ ቅዳሜ ማታ ሰንበት ከወጣ በኋላ፣ የሳዳት አውሮፕላን ቤን ጉሪዮን አረፈ። የቀድሞዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ጎልዳ ሜየር፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዳያን፣ ካናሉን ተሻግሮ ግብጾችን የወጋው ሻሮን፣ ሁሉም ተሰልፈው ጨበጡት። በማግስቱ አረፋ ነበር፤ አል አቅሳ ገብቶ ሰገደ፣ ከዚያ ክኔሴት ሄዶ ተናገረ። የሳዳት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኢስማኢል ፋህሚ ግን ይሄን ጉድ አልሸከምም ብሎ ሥራውን ለቆ ነበር። ሌላው አረብ አገርም ከሃዲ አለው።

ይሄ ትልቅ ድፍረት ነው። ግን መሳሳሙ ነው እንጂ ድንጋዩ አይደለም። ከጉብኝቱ በኋላ ወራት አለፉ፣ ምንም አልተጨበጠም። ለዚህ ነው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ካርተር ሳዳትንና የእስራኤሉን ጠቅላይ ሚኒስትር ቤጊንን ጠርቶ ጫካ ውስጥ ያስገባቸው።

1978 ሴፕቴምበር 5 ገቡ፣ ለ13 ቀን ቆዩ። ካርተር አስፐን የሚባለው ቤት፣ ሳዳት ዶግውድ፣ ቤጊን በርች። ከአንዱ እስከ ሌላው በእግር የደቂቃዎች መንገድ ነው። መጀመሪያ ሦስቱ ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ ነገሩ ጩኸት ብቻ ሆነ። ቤጊን ወላጆቹንና ወንድሙን ናዚዎች የገደሉበት ሰው ነው፤ ለእሱ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነው። ሳዳት ደግሞ አንዲት ስንዝር የሲና አፈር አልሰጥም ብሎ ነው የመጣው። ካርተር ነገሩ እንደማይሆን ሲያይ ለያያቸው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ለድርድር ፊት ለፊት አልተቀመጡም ማለት ይቻላል። አንድ ወረቀት ተጻፈ። ካርተርና ሰዎቹ ያንን ወረቀት ይዘው ከቤት ቤት መመላለስ ጀመሩ። አንዱ ይሰርዛል፣ ሌላው ይጨምራል፣ እንደገና ይጻፋል። 23 ጊዜ ተጻፈ ይባላል። የእኛ ሽማግሌ ጎረቤት ለጎረቤት ሲመላለስ የሚያደርገው ይሄንኑ ነው፤ ካርተር የያዘው ወረቀት ነው ልዩነቱ።

አንድ ቀን ሳዳት ሻንጣውን አዘጋጅቶ ልሄድ ነው አለ። ካርተር ሄዶ ብትሄድ የእኔና የአንተ ወዳጅነት አበቃ አለው። ቀረ። በመጨረሻው ቀን ደግሞ ቤጊን ነበር። ስለ ኢየሩሳሌም በሚጻፍ ደብዳቤ ተቆጥቶ አልፈርምም አለ። ቀደም ሲል ቤጊን ካርተርን ለልጅ ልጆቹ የሚሆን የሦስቱን መሪዎች ፎቶ እንዲፈርምለት ጠይቆት ነበር። የካርተር ጸሐፊ የልጆቹን ስም አፈላልጋ አገኘች። ካርተር በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ የየአንዳንዳቸውን ስም ጽፎ ቤጊን ቤት ይዞ ሄደ። ቤጊን ፎቶዎቹን እየገለጠ ስማቸውን ጮክ ብሎ አነበበ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ተቀምጠው ስለ ልጆች አወሩ፣ ስለ ጦርነትም አወሩ። ያን ቀን ማታ ዋይት ሃውስ ተፈራረሙ።

ይሄን ታሪክ ሰው ሁሉ ይወደዋል። እኔም እወደዋለሁ። ግን ፎቶው ብቻውን ምንም አያቆምም ነበር። ያቆመው ወረቀቱ ውስጥ ያለው ነው። ወረቀቱ ደግሞ ሁለት ነበር።

አንደኛው የሲና ወረቀት ነው። እሱ በ1979 ማርች 26 ሙሉ ስምምነት ሆነ። ውስጡን ላነበበው እንደ ሒሳብ ነው። እስራኤል በሦስት ዓመት ሙሉ በሙሉ ትወጣለች፤ በመጀመሪያው ዘጠኝ ወር ከኤል አሪሽ እስከ ራስ መሐመድ ከተሰመረው መስመር ወዲያ ታፈገፍጋለች። በሲና በአንደኛው ቀጠና ግብጽ ከ22 ሺህ ወታደርና ከ230 ታንክ በላይ አታስገባም። በመሃለኛው ቀጠና 4,000 የጠረፍ ጠባቂ። ድንበሩ አጠገብ ፖሊስ ብቻ። በእስራኤል በኩልም ቀጭን ቀጠና ተለክቶ፣ እዚያ ውስጥ የሚቆመው ጦር ተቆጥሯል። ድንጋይ ማለት ይሄ ነው። ዋስም አለው። የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ መላክ ሲያቅተው ለብቻው የብዙ አገር ታዛቢ ጦር ተቋቋመ፤ ከ1982 ጀምሮ ሲና ላይ ነው። አሜሪካም እጇን አስገባች፤ ለሁለቱም በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ትሰጣለች። የገንዘቡ ነገር ደስ አይለኝም፣ ግን ዋስ ኪሱን ሳይነካ ዋስ አይሆንም።

ይሄ ወረቀት ስንት ነገር ተቋቋመ መሰላችሁ። ሳዳት በ1981 ኦክቶበር 6፣ ያንኑ የጦርነት ድል በሚያከብርበት ሰልፍ ላይ፣ በገዛ ወታደሮቹ ተገደለ። ቀብሩ ቅዳሜ ስለዋለ ቤጊን ሰንበት ላለመሻር በእግሩ እየሄደ ቀበረው። ሰው ሁሉ አሁን ሲናን አይመልሱም አለ። በ1982 አፕሪል ግን ያሚት የምትባለውን፣ ራሳቸው የሠሯትን ከተማ፣ የእስራኤል ወታደሮች የገዛ ወገኖቻቸውን ከጣሪያ ላይ እየጎተቱ አስወጥተው አፈረሷት። ያንን ያዘዘው የመከላከያ ሚኒስትር ሻሮን ነበር፤ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የተሰለፈው ያው ሻሮን። በዚያው ወር 25ኛው ቀን ሲና ተመለሰ።

ከታባ በስተቀር። ታባ ቀይ ባሕር ዳር ያለች አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች ቦታ ናት። ጸቡ ምን ላይ ነበር? በ1906 የኦቶማንና የግብጽ ድንበር ሲሰመር የተተከሉት ምልክቶች የት ነበሩ በሚለው ላይ። ቃል በቃል ድንጋዩ የት ነው ነው ጥያቄው! ይሄን ሳነብ አያቴ ትዝ ብለውኝ ብቻዬን ሳቅኩ። አልተዋጉም፤ ዳኛ ዘንድ ሄዱ። በ1988 ታባ የግብጽ ናት ተብሎ ተፈረደ፣ እስራኤሎች የሠሩትን ሆቴል ግብጽ ዋጋውን ከፍላ ወሰደች፣ በ1989 ማርች ባንዲራዋን ሰቀለች። ለአንዲት ካሬ ኪሎ ሜትር ጥይት ሳይተኮስ።

ሁለተኛው ወረቀት ስለ ዌስት ባንክና ስለ ጋዛ ነው። እሱ ላይ ፍልስጤማውያን ራሳቸውን የሚያስተዳድሩበት ምክር ቤት ይቋቋማል፣ ለአምስት ዓመት መሸጋገሪያ ይሆናል፣ የመጨረሻው ጉዳይ ድርድር ከሦስተኛው ዓመት ሳያልፍ ይጀመራል ይላል። ወሰኑ የት ነው? የለም። ኢየሩሳሌምስ? እያንዳንዱ የየራሱን አቋም በደብዳቤ ጽፎ ለየብቻ አስቀመጠ። ባለቤቶቹ ፍልስጤማውያንስ? ክፍሉ ውስጥ አልነበሩም። መሬቱ የሚወሰነው በሌሉበት ነው። ይሄ እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጣቸው ቁስል ነው፣ እውነታቸውንም ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ገና በማግስቱ ነገሩ ተበላሸ። ካርተር ድርድሩ እስኪያልቅ በተያዘው መሬት ላይ አዲስ የእስራኤላውያን ሰፈራ አይሠራም ብሎ ቤጊን ቃል ገብቶልኛል አለ። ቤጊን የገባሁት የሦስት ወር ብቻ ነው አለ። አንድ ሌሊት በቃል የተወራ ነገር ነው፤ ሁለቱም እስኪሞቱ ድረስ አልተስማሙበትም። የራስ አስተዳደር ድርድሩም ጥቂት ዓመት ተጎትቶ ሞተ። ሲና በተመለሰ በስድስተኛው ሳምንት ደግሞ እስራኤል ሊባኖስ ገባች፤ በደቡብ በኩል ግብጽ ስለማትዋጋ ሙሉ ኃይሏን ወደ ሰሜን ማዞር ቻለች። አንዱ ሰላም ለሌላው ጦርነት መንገድ ጠረገ የሚሉ አረቦች አሉ፤ እኔ ልከራከራቸው አልችልም።

አሁን ወደ ኦስሎ። በ1993 ኖርዌይ ውስጥ በድብቅ ሲደራደሩ ከርመው ሴፕቴምበር 13 የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ራቢንና አራፋት ዋይት ሃውስ ሣር ላይ ተጨባበጡ። ያንን መጨባበጥ ማን ይረሳዋል? ራቢን እጁን ሲዘረጋ ሰውነቱ እንዴት ወደ ኋላ እንዳለ። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት በደብዳቤ አንዱ ሌላውን አውቆ ነበር፤ የፍልስጤም ነጻ አውጪ ድርጅት እስራኤል በሰላም የመኖር መብት አላት አለ፣ እስራኤልም ድርጅቱ የፍልስጤም ሕዝብ ወኪል ነው አለች። ይሄ ቀላል ነገር አልነበረም። በዚህ ጊዜ ባለቤቶቹ ክፍሉ ውስጥ ናቸው።

ግን ወረቀቱን ክፈቱት። አምስት ዓመት መሸጋገሪያ። የመጨረሻው ጉዳይ ከሦስተኛው ዓመት ሳያልፍ። ያው የካምፕ ዴቪድ ሁለተኛ ወረቀት ነው! ኢየሩሳሌም ለኋላ። ስደተኞች ለኋላ። ሰፈራዎች ለኋላ። ድንበር ለኋላ። ዋናው ነገር ሁሉ ሆድ ይፍጀው ተባለ። መጀመሪያ መተማመን ይፈጠር፣ ከዚያ ከባዱ ይመጣል የሚል ሐሳብ ነው። ሐሳቡን እረዳዋለሁ፤ በዚያ ቀን ስለ ኢየሩሳሌም ጀምረው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ምንም አይፈረምም ነበር። ግን ለኋላ የተባለው ነገር ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። በ1993 ዌስት ባንክ ላይ የሰፈሩት እስራኤላውያን ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን ሳይጨምር 110 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ በ2000 ወደ 200 ሺህ ተጠጉ። በአያቴ ቋንቋ፣ እርቅ ተባለ፣ ድንጋይ አልተተከለም፣ አንዱ ማታ ማታ እያረሰ ወደ ወንድሙ ማሳ ይገባል።

በሌላው በኩል ደግሞ ደም። በ1994 ፌብሩዋሪ አንድ አይሁዳዊ ሰፋሪ ሄብሮን ኢብራሂሚ መስጊድ ገብቶ የሚሰግዱ 29 ሰዎች ገደለ። በአፕሪል አፉላ ላይ መኪና ፈንድቶ 8 እስራኤላውያን ሞቱ፤ ከዚያ በኋላ አውቶቡስ እየፈነዳ ስንት ሰው አለቀ። ማን ጀመረ፣ ማን ቃሉን አፈረሰ ብሎ የሚፈርድ ዋስ የለም። አራፋት እስራኤል መሬቱን እየወሰደች ነው ይላል፣ እስራኤል አራፋት ገዳዮቹን አያስርም ትላለች፣ ሁለቱም ለዓለም ይጮኻሉ፣ ዓለም ስብሰባ ይጠራል። በ1995 መሬቱን ሀ፣ ለ፣ ሐ እንደማለት በሦስት ከፈሉት፤ ከ60 በመቶ በላዩ በእስራኤል እጅ ቀረ፣ ለጊዜው ተብሎ። ለጊዜው የተባለው 30 ዓመት አለፈው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 4 ራቢን ቴል አቪቭ ላይ የሰላም ሰልፍ ጨርሶ ሲወርድ የገዛ ወገኑ ከጀርባው ተኩሶ ገደለው። የሰላም መዝሙሩ ግጥም የተጻፈበት ወረቀት ኪሱ ውስጥ በደም ርሶ ተገኘ። መሸጋገሪያው የሚያልቅበት ቀን 1999 ሜይ 4 ነበር። ቀኑ መጣ፣ ሄደ።

ሳዳትም ራቢንም ለሰላም ሲሉ በገዛ ወገናቸው ነው የሞቱት። የሳዳት ወረቀት ግን ከሞቱ በኋላ ቆመ፣ የራቢን አልቆመም። ለብዙ ጊዜ ራቢን ባይሞት ኖሮ ይሳካ ነበር ብዬ አምን ነበር። አሁን አላምንም፣ ወይም ድሮ የማምነውን ያህል አላምንም። ሰውየው ሲሞት ወረቀቱ አብሮ ከሞተ፣ ወረቀቱ መጀመሪያውንም የሰውየውን ትከሻ ተደግፎ ነበር የቆመው።

ከግብጽ ኮፕቶች ጋር የምንካሰስበት የኢየሩሳሌሙ ገዳማችን ዴር ሱልጣንም የዚህ ነገር ዘመድ ነው። በ1970 ፋሲካ ሌሊት የእኛ መነኮሳት ቁልፉን ቀየሩ። በ1971 የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለግብጽ ኮፕቶች ፈረደ፣ የመጨረሻ ውሳኔውን ግን ለመንግሥት ተወው። መንግሥት እስከ ዛሬ አልወሰነም። የኮፕቶቹ ፓትርያርክ አቡነ ሺኖዳ ከካምፕ ዴቪድ በኋላ ምእመናናቸው ኢየሩሳሌም እንዳይሳለሙ ሲከለክሉ አንዱ ቅሬታቸው ይሄ ነበር። እኔ ገዳሙ የኛ ነው እየተባለ ነው ያደግኩት፣ ዛሬም ይሄንኑ ነው የምለው። ግን ሳይወሰን በመቆየቱ ማን ተጠቀመ? ሁለት የአንድ ሃይማኖት ልጆች በጌታ መቃብር ጣሪያ ላይ ሲገፋፉ ሃምሳ ዓመት አለፈ።

ከካቶክቲን የተመለስን ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ የጋዛውን ባለ 20 ነጥብ እቅድ ከፍቼ አነበብኩት። የተኩስ አቁሙ ድርድር የተደረገው ሻርም ኤል ሼክ ነበር፤ ሲና ላይ፣ በ1982 የተመለሰችው መሬት ላይ። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ቁጥር አለ። በሕይወት ያሉት ታጋቾች በሙሉ ይለቀቃሉ፣ ከባድ ፍርድ ያለባቸው 250 ፍልስጤማውያን ይፈታሉ፣ ከጦርነቱ ወዲህ የታሰሩ 1,700 የጋዛ ሰዎች ይፈታሉ። ሰዓቱ ሳይቀር ተቆርጦ ነበር። ያ ክፍል ተፈጸመ፤ የታጋቾቹ እናቶች ልጆቻቸውን ሲያቅፉ፣ ራማላና ካን ዩኒስ ላይ ከአውቶቡስ የወረዱት እስረኞች መሬት ሲስሙ አይተናል።

ከዚያ ወደ ታች ወረድኩ። ጋዛን ማን ያስተዳድራል የሚለው ጋ፣ የእስራኤል ጦር እስከየት ይወጣል የሚለው ጋ፣ የፍልስጤም መንግሥት የሚለው ጋ። ሁኔታዎች ሲመቻቹ ይላል። ቀን ፈለግኩ፣ አላገኘሁም። ጠዋት ልጁ ሲነሳ «እና ይሄኛው ይቆማል?» ብሎ ጠየቀኝ፤ የመጀመሪያውን ገጽና የመጨረሻውን ገጽ ጎን ለጎን አድርጌ ራስህ አንብበው አልኩት።